ወንበር ያለው ጠርሙስ

በሞንቬራክ ከተማ አንድ ጠርሙስ የራሱ ወንበር አለው። ወንበር ብቻም አይደለም፤ በየዓመቱ ከወይን ለቀማ በኋላ በሚደረገው የከተማው የወይን ማኅበር ምሳ ላይ ሳህን ይቀርብለታል፣ ማንኪያ ይቀመጥለታል፣ ሾርባም ይቀዳለታል። ነገሩ የተጀመረው አንድ የቀድሞ የማኅበሩ አለቃ ሞቅ ሲለው በተናገረው ቀልድ ነበር። በማግሥቱ ቀልድ ነው ለማለት የደፈረ ሰው ስለጠፋ ደንብ ሆኖ ቀረ። ሾርባ ደግሞ በከንቱ አይደፋምና የጠርሙሱን ድርሻ የሚበላለት ሰው ተሾመ። እሱም ሽማግሌው አንሴልም ሪቤሮል ነው፤ ቦታው ከጠርሙሱ ጎን ነው።

ሹመቱን ያለ ነገር አላገኘውም። በጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ወይን ጠጅ የጣሉት እሱና ሟች ሚስቱ ሌዮንቲን ናቸው። ያኔ ገና ጎልማሶች ነበሩ። አንድ ቀን አንሴልም ሰማዩን አየና ነገሩ አላማረውም፤ ዛሬውኑ እንልቀም አለ። ሌዮንቲን ከማሳው አንድ ፍሬ ቀጥፋ ቀመሰችና ተፋችው፤ ገና ነው፣ አንድ ሳምንት ይቆይ አለች። አንሴልም ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ለቀመ። በማግሥቱ በረዶ ወርዶ የከተማውን ወይን እንዳለ አረገፈው፤ ከዚያ ዓመት የተረፈው የአንሴልም አንድ በርሜል ብቻ ሆነ። ሰው ሁሉ ነቢይ ነህ አለው። ሌዮንቲን ግን ከበርሜሉ ቀምሳ ፊቷን አጨማደደች።

«ወይኑን አድነኸዋል፤ ወይን ጠጁን ግን ገድለኸዋል» አለችው።

«ጊዜ ስጪው። ሲያረጅ ይጣፍጣል።»

«ላንተ ሲድሩኝም እንደዚሁ ነበር ያሉኝ።»

ይህ ክርክር በትዳራቸው ውስጥ እንደ ሦስተኛ ሰው አብሯቸው ኖረ። ከተማውም ለሁለት ተከፈለ፤ ዳቦ ቤት በር ላይ ሳይቀር የአንሴልም ወገንና የሌዮንቲን ወገን ይጨቃጨቁ ነበር። በርሜሉ በሠርግና በለቅሶ ተጠጥቶ አንድ ጠርሙስ ሲቀር፣ ባልና ሚስቱ በደንብ ካረጀ በኋላ አብረው ሊከፍቱትና ሊፋረዱበት ተስማሙ። እስከዚያው ይጠብቅልን ብለው ለወይን ማኅበሩ በአደራ ሰጡት። ስህተታቸውም ይኸው ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሦስተኛው የሞንቬራክ የወይን ማኅበር ነው።

ምክንያቱም ጠርሙሱ ዝና አወጣ። በረዶ ያልነካው ወይን ጠጅ ተብሎ ከሩቅ አገር ጎብኚ በአውቶቡስ ይጎርፍለት ጀመር። ጠርሙሱ ካለበት የመስታወት ሣጥን ፊት ሲደርሱ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። አንዳንዱማ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ አሽትቶ «እንጆሪ እንጆሪ ይላል» ብሎ ይመሰክራል። የጠርሙሱ ሥዕል በፎጣ ላይ ታተመ፣ በሳሙና ላይ ተቀረጸ። በከተማው ወይን ጠጅ የማይሸጥበት ቤት ቤተ ክርስቲያኑና የጥርስ ሐኪሙ ብቻ ቀሩ፤ ሐኪሙም እያመነታ ነበር። እንዲህ ያለውን ጠርሙስ ማን ይከፍተዋል? አንሴልም በየዓመቱ ይክፈቱልኝ ብሎ ይጠይቃል፤ ማኅበሩም በየዓመቱ በክብር እንቢ ይለዋል። ሌዮንቲን የሞት አልጋ ላይ ሳለች አንሴልም አንዲት ጉንጭ ብቻ ብሎ ለመናቸው። ለቀብሯ የጠርሙሱ ሥዕል ያለበት የአበባ ጉንጉን ላኩ።

ዘንድሮ ደግሞ የባሰ መጣ። አንድ ጎብኚ የመከለያውን ገመድ ተሻግሮ የመስታወት ሣጥኑን አቅፎ አለቀሰ። ማኅበሩ ደነገጠና ከምሳው በኋላ ጠርሙሱ በግንብ ውስጥ ለዘለዓለም ታሽጎ እንዲቀመጥ ወሰነ። አንሴልም ይህን ከሰማ ወዲህ ምግብ አልበላ አለው። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳይሞት ማን ልክ እንደነበረ ማወቅ። ልክ የነበረው እሱ እንደሆነ ደግሞ ቅንጣት አይጠራጠርም።

የምሳው ዕለት በዚያ ሙቀት ሁሉም ቀይ ካባ ለብሶ፣ ጠጉራም ቆብ ደፍቶ፣ ላቡን እያንጠባጠበ መጣ። አራት ሰዎች ጠርሙሱን በከበሮ አጅበው፣ ጃንጥላ ይዘውለት ገቡና ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። ጎብኚዎች ከሰገነቱ ላይ ስልካቸውን ደቅነዋል። ሾርባውን የምትቀዳው የአንሴልም የወንድም ልጅ ኦዴት ነበረች።

«አጎቴ፣ ዓይንህ ወዴት ነው?» አለችው።

«ሾርባዬ ላይ።»

«ሾርባህ እኮ በዚህ በኩል ነው።»

አንሴልም ማንኪያውን አነሣ። የራሱን ሾርባ ጨረሰ፤ የጠርሙሱን ሳህን ሳበና እሱንም በላ፤ ጥቂት መረቅ ብቻ ከሥሩ አስቀረ። በዚያ አገር ሾርባ ሲያልቅ የቀረው መረቅ ላይ ቀይ ወይን ጠጅ ጠብ ይደረጋል፣ ሳህኑ ዞር ዞር ይደረግና በሁለት እጅ ተነሥቶ ይጠጣል። ሻብሮ ይሉታል። አያቶች ሁሉ ያደርጉታል፤ የተማሩት እንግዳ ፊት ያፍሩበታል፣ ቤታቸው ሲገቡ ግን አይቀሩም። አንሴልም ቡሽ መንቀያ ያለው ሴንጢውን ከኪሱ አወጣና ጠርሙሱን በአንገቱ ያዘው።

 የማኅበሩ አለቃ፣ ፋርማሲስቱ ጋስፓር ዴልሙሊ፣ ቀስ ብሎ ተነሣ።

«አባባ አንሴልም፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ይሄ ሰውዬ ስንት ዓመት ሙሉ ሾርባችንን በላ» አለ አንሴልም ጠርሙሱን እያሳየ። «አንድ ቀን ሻብሮ ሲያደርግ አይተኸው ታውቃለህ? ነውር አይደለም?»

«እሱ እኮ ጠርሙስ ነው።»

«ጠርሙስ ከሆነ ለምን ሾርባ ትቀዱለታላችሁ?»

ጋስፓር ወደ ባልደረቦቹ ዞረ። ባለካባዎቹ ተጠጋግተው ይመክሩ ጀመር። ጠርሙሱ እንግዳ አይደለም ካሉ ይህን ሁሉ ዓመት ለዕቃ ሾርባ ሲቀዱ ኖረዋል፤ እንግዳ ነው ካሉ ደግሞ ሻብሮውን መከልከል ባለጌነት ነው። አንዱ ሻብሮ ማድረግ የእንግዳው ፈቃድ ነው አለ። ሌላው ፈቃዱ በተወካዩ በኩል ይገለጻል አለ። ሦስተኛው እንግዳ በራሱ ሆድ ዕቃ ሻብሮ ሊያደርግ ይችላል ወይ ብሎ ሲጠይቅ የሁሉም ፊት ገረጣ። እነሱ ሲከራከሩ አንሴልም ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ መንቀያውን ያሽከረክራል። ቡሹ ተፈርክሶ ግማሹ ወደ ውስጥ ገባ፣ ግማሹ ጢሙ ላይ ቀረ። ድምፁን ሲሰሙ ሁሉም ዞሩ፤ ግን ቡናማው ወይን ጠጅ ሳህኑ ውስጥ ገብቶ ነበር።

አንሴልም ሳህኑን ዞር ዞር አደረገና አንድ ጊዜ ተጎነጨ።

ኮመጠጠው። ጥርሱን አልፎ ጆሮው ድረስ ኮመጠጠው። ጣዕሙን ወዲያው አወቀው፤ ያኔ ከበርሜሉ የቀመሱት ያው ጥሬ ወይን ነበር፣ ይህን ሁሉ ዘመን ስንዝር አልተሻሻለም።

ጋስፓር በዓይኑ ይለምነዋል። ከሰገነቱ ላይ ያሉት ስልካቸውን ወደ እሱ አዙረዋል። ጣፍጧል የምትል አንዲት ቃል ቢተነፍስ ሁሉም ያምነው ነበር፤ ማን ቀምሶ ይቃወመዋል? ከተማውም ጠርሙሱም እሱም በክብራቸው ይኖሩ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ረታሁሽ የምትለዋን ቃል ሲያላምጣት ኖሯል፣ በመኝታውም በማሳውም። አሁን ግን የመጣበት የሌዮንቲን ፊት ነው፤ ያ መጨማደዱ፣ ከዚያም ሳቋ። ናፈቀችው። እንባው በቡሽ የተሞላ ጢሙ ላይ ወረደ። ሳህኑን አስቀመጠና ወደ ባዶው የጠርሙሱ ወንበር ዞረ።

«እሺ ሌዮንቲን፤ አንቺ ነሽ ልክ» አለ።

የሌዮንቲን ወገን የነበሩት ባለካባዎች ጠረጴዛውን በጡጫ ደበደቡት፤ አንዲት አሮጊት ቆቧን ወደ ላይ ወረወረች። የአንሴልም ወገኖች ቆባቸውን አውልቀው አንገታቸውን ደፉ። ጎብኚዎቹ ምን እንደተባለ ባይገባቸውም አጨበጨቡ። ጋስፓር ወንበሩ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ከዚያም ሰው እንዳይሰማው ጎንበስ ብሎ አንሴልምን ጠየቀው።

«እሷስ ምን አለች?»

አንሴልም ወንበሩን ትንሽ አየው።

«ምን ትላለች። ያንተው ሥራ ነው፣ ጨርሰው ነው የምትለኝ።»

ሳህኑን በሁለት እጁ አንሥቶ እስከ መጨረሻው ጠጣው።