ሲገዛ ቆልሎ፣ ሲሸጥ ጠርጎ

የምጣኔ ሀብት ታሪክ ሊቁ በቁሙ ሙሾ ሊወርድለት ምንም አልቀረውም። አንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ ሆስፒታል ከገባ ወዲህ ቃል ወጥቶት አያውቅም። ሐኪሙ «አንደበቱ ሊመለስ ይችላል፤ ራሱ ካልታገለ ግን እኛ ምንም ልናደርግ አንችልም» ብሏል። ሰውዬው ደግሞ መታገሉን ትቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል።

ዕድሜ ልኩን ሲታገል የኖረ ሰው እኮ ነው! ስሙን ያስጠራው ስለ ጥንቱ ረሃብ የጻፈው መጽሐፍ ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት ሊቃውንት «የእህል ዋጋ አልጨመረም፤ ነጋዴው ንጹሕ ነው» ብለው እጃቸውን ታጥበው ነበር። እሱ ግን መስፈሪያው እንዴት ይሞላ እንደነበር ጠየቀ። ለካ ነጋዴው ከገበሬው ሲገዛ ቆልሎ፣ ለድሃው ሲሸጥ የመስፈሪያውን አፍ ጠርጎ ይሰፍር ኖሯል። ዋጋው ባለበት ቆመ፤ ሰው አለቀ።

መጽሐፉን አምርራ የተቃወመችው አብራው የምታስተምር ባልደረባው ናት። ተማሪዎች በሌለችበት «ተርቧ» ይሏታል። ረሃቡን ያመጣው ድርቅ ነው ባይ ናትና «ዝናብ የሚባል ነገር ሰምተህ ታውቃለህ?» እያለች በየጉባኤው ስትነድፈው ኖራለች።

አንድ ቀን ልትጠይቀው ስትመጣ የሆስፒታል ክፍሉ በጠያቂ ተሞልቷል።

«እንዴት ያለ ትልቅ ሰው ነበር!» ይላል የኮሌጃቸው ዲን።

«ነበር?» አለች ተርቧ። «ይሰማሃል እኮ! ትንፋሹ ሳይቆም ማን ቅበረው አለህ?»

ዲኑ ኮቱን ፈለገ። ሌሎቹም ተከትለውት ወጡ።

«ተይ እንጂ እህቴ» አለች የሊቁ ሚስት፣ «በጎ አስበው ነው።»

«በጎነታቸው ነው የሚገድለው።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከቦርሳዋ ባዶ ወረቀት አወጣችና ያልተጻፈውን ማንበብ ጀመረች።

«ስማ። ‹ባልደረባችን እንዳረጋገጠው፣ ነጋዴው ሲገዛ ጠርጎ፣ ሲሸጥ ቆልሎ ይሰፍር ነበር።›»

ትከሻው ንቅንቅ አለ።

«‹ስለዚህ ነጋዴው ለድሃ አዛኝ ነበር። ለዚህ ታላቅ ግኝት ባልደረባችንን እናመሰግናለን።› ነገ ማተሚያ ቤት ይገባል። ዝም ካልክ ተስማምተሃል ማለት ነው።»

«ኧረ በፈጣሪ!» አለች ሚስቱ። ተርቧ በዓይኗ ጠቀሰቻት።

ፊቱ ከግድግዳው ተመለሰ፤ ቲማቲም መስሏል። ደህናው እጁ ብርድ ልብሱን ጨመደደ።

«ቆ… ቆ…»

«ምን? አልሰማሁም። ድሮም ክርክርህ አይሰማም ነበር።»

«ቆልሎ! ሲ… ሲገዛ… ቆልሎ!»

ሚስቱ አፏን በእጇ ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ዘፍ አለች። ተርቧ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እንዳያይባት ወረቀቱ ላይ አቀረቀረች።

«ሲሸጥስ?»

«ጠ… ጠርጎ። ደ… ደንቆሮ!»

«ተመስገን!» አለች ሚስቱ እያለቀሰች፣ «ስድቡም አብሮ መጣ!»

«እሺ፣ ዝናቡስ?»

ቀና አድርጉኝ ሲል በአገጩ ትራሱን አሳየ። ሁለቱ ሴቶች ደግፈው አስቀመጡት። ቃሉ እንደ ተቀበረ ድንጋይ እየተፈነቀለ፣ አንድ አንድ እያለ ይወጣ ጀመር። ተርቧ እጇን አጣጥፋ፣ ዛሬስ ሳላቋርጠው እሰማዋለሁ ብላ ለራሷ ማለች።

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ አላስቻላትም።