እሳት የማይገባበት ኮረብታ

ከአሶሳ ወጣ ብሎ ባለው ኮረብታ ላይ አሥራ አንድ ሰዎች ያለ ደሞዝ ይሠሩ ነበር። ሥራቸው ሣር ማጨድ፣ የመውጫውን መንገድ መጥረግና በምዕራቡ ጠርዝ የተደረደሩትን ሰባት ድንጋዮች ኖራ መቀባት ነው። ድንጋዮቹን ለኮከብ ማያ ምልክት ብሎ የደረደራቸው የፊዚክስ መምህሩ ደባልቄ ነው፤ ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ ሲመጣ ልብሱን በፌስታል፣ ቴሌስኮፑን ግን በሣጥን ይዞ የመጣ ሰው። ክልሉ ከተቋቋመ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነበርና ቢሮዎቹ ወንበር እንኳ አልሞላላቸውም፤ ለኮከብ ማን በጀት ይይዛል? ስለዚህ ሰዎቹ ለጎረቤት እርሻ ነፊር ብለው በደቦ እንደሚወጡት ሁሉ ለኮረብታውም ይወጡለታል።

ከሁሉም የሚከበሩት ሼህ ዐብዱልቃድር ነበሩ። መምህሩ ሳይመጣ በፊት ጀምሮ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የረመዳንን ጨረቃ ለመንደሩ ያዩት እሳቸው ናቸው። «አየሁ» ካሉ መንደሩ ይጾማል፤ ሬዲዮ የፈለገውን ይበል። የኮረብታውን ብቸኛ ሕግም ያወጡት እሳቸው ነበሩ፤ ጭስ ሰማይ ስለሚሸፍን ሣሩ በማጭድ ይታጨዳል እንጂ አይቃጠልም።

ያን ዓመት ግን ሼሁ የደበቁት ነገር ነበር። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ባለፈው ወር ጨረቃዋን «ያዩት» ሰው ጣቱን ወደ ቀሰረበት ዞረው ነው። በረመዳን ላይ ግን በሐሰት መመስከር አይሆንላቸውም። «አይታየኝም» ማለትም እንደ ሞት ከበዳቸው። ፈሩ፤ በቃ፣ ፈሩ።

ጨረቃዋ በምትጠበቅበት ቀን ጠዋት ሰው ሁሉ ማጭዱን ይዞ ሲሰበሰብ «ዘንድሮ እናቃጥል» አሉ።

ደባልቄ ጆሮውን ማመን አቃተው። «ሼህ፣ ሕጉ የእርስዎ አይደለም እንዴ? ጭሱስ?»

«እስከ መግሪብ ይሄዳል። ሣር ብዙ ነው፣ ሰው ደከመ። እኔ ነው ያልኩ።»

እሳቸውን እምቢ የሚል አልነበረም። ክብሪቱን የጫረችው ዋፋ ናት፤ የወንድማቸው ልጅ፣ በክልሉ ቢሮ የጽሕፈት ሠራተኛ።

ጭሱ አልሄደም። እሳቱ ወደ ምዕራቡ ተዳፋት ወርዶ ደረቁን ቀርከሃ ያዘና ሲጨስ ዋለ። ፀሐይ ስትጠልቅ መንደሩ ወጥቶ ቢቆም ሰማዩ አመድ ሆኖ ጠበቀው። ደባልቄ ቴሌስኮፑን ወዲያ ወዲህ አዟዟረው፤ ምንም የለም። ሼሁ በልባቸው «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ማንም ካላየ የእሳቸውን አለማየት ማን ያውቃል?

ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። ነጋዴው ሙርሳል «ማን ነው ያቃጠለው?» ሲል በበርታ ቋንቋ ጠየቀ።

«እኔ ነኝ» አለች ዋፋ። በማን ትእዛዝ እንደሆነ አልተናገረችም።

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ኮረብታ እንዳትወጪ።»

ዋፋ ጎንበስ ብላ ማጭዷን አነሣች፤ ልትሄድ ነው። ይህን ኮረብታ ምን ያህል እንደምትወደው ሼሁ ያውቃሉ፤ ሰባቱን ድንጋዮች ኖራ የምትቀባው እሷ ናት። መምህሩም እንዲሰማ ብለው በተሰባበረ አማርኛቸው ተናገሩ።

«ዋፋ ጥፋት የለውም። አቃጥል ያልኩ እኔ ነው። ዓይኔ አያይም። ጨረቃ አይታይም ለእኔ። ሰው እንዳያውቅ ብዬ ጭስ አደረግሁ።»

ሙርሳል መሬት መሬቱን አየ።

በሦስተኛው ቀን ከድንበሯ ከተማ ከኩርሙክ የመጣ ሌላ ነጋዴ እዚያ ጨረቃዋ ያን ምሽት መታየቷን ተናገረ። መንደሩ የሳታትን አንዲት ቀን ከዒድ በኋላ ማካካስ ግድ ሆነበት። በዚህ የወቀሳቸው አልነበረም፤ አለመውቀሱ ነው ሼሁን የጎዳቸው።

የረመዳን መጨረሻ ላይ አሥራ አንዱም ማጭዳቸውን ይዘው ወጡ። ሼሁ ከቃጠሎ የተረፈውን ሣር በእጃቸው እየዳበሱ አጨዱ። ሲመሽ ሰማዩ ጠራ።

«ሦስተኛው ድንጋይ ላይ ናት፣ ዓሚ» አለች ዋፋ፤ አጎቷን የምትጠራቸው እንዲህ ነው። ትከሻቸውን ይዛ ወደዚያ አዞረቻቸውና በሌላ እጇ ጠቆመች። ሙርሳልም ጣቷን ተከትሎ ጨረቃዋን አያት።

ሰዉ ግን ከልማድ ወደ ሼሁ ዞሮ ቃላቸውን ይጠብቅ ነበር። እሳቸው የሚታያቸው ጉም ብቻ ነው።

«ዋፋ አየች» አሉ።

መንደሩም በማግስቱ ዒድ ዋለ።