የጫማ ጉንጉን

ባሌን ዋማንን በስሙ ነው የምጠራው። በሕንዷ ከተማችን በሚራጅ ውስጥ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ባሏን በስሙ ስትጠራ ጎረቤት ጆሮውን ይይዛል፤ እሱ ግን ከሠርጋችን ማግስት ጀምሮ «እኩል ነን» ብሎ አስለምዶኛል። ከመምህርነት ጡረታ ሲወጣ ደግሞ እኩልነቱን ይዞ አደባባይ ወጣ። ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ፣ ሂንዱውም ሙስሊሙም በሕግ ፊት እኩል ይሁን እያለ ገበያው አጠገብ ይናገራል። ድምፁ ጥሩ ነው፤ ችግሩ፣ እሱም ጥሩ መሆኑን ያውቃል።

እኛ አገር ሃይማኖታቸው የተለያየ ጥንዶች በመንግሥት ቢሮ ሊጋቡ ሲፈልጉ ስማቸው ግድግዳ ላይ አንድ ወር ይለጠፋል። የሚቃወም ካለ ይምጣ ማለት ነው፤ የሚቃወም ደግሞ መቼ ጠፍቶ ያውቃል። ምስክር የሚሆናቸው ዘመድ ስለማያገኙ ወደ ዋማን ይመጣሉ። በረንዳችን ተደብቀው የሚጋቡ ሙሽሮች ማረፊያ ሆኗል።

ዝናቡ ሊያባራ ሲል ሙኒርና ኬታኪ መጡ። እሱ ሙስሊም፣ ሲታር የሚባለውን የሙዚቃ መሣሪያ የሚሠራ ሰው ልጅ ነው፤ እሷ ሂንዱ፣ የመድኃኒት ቤት ባለቤት ልጅ። ሻዩን ሳትነካው ኬታኪ ወሩ እስኪያልፍ ትንፍሽ እንዳንል ለመነችን። «ወንድሞቼ ቢሮ የሚባል ነገር ደርሰው አያውቁም፤ ሰው ካልነገራቸው አይሰሙም» አለች። ዋማን ቃል ገባላት። እኔም ገባሁላት።

በሚቀጥለው እሑድ ማስታወቂያው ይቅር የሚል ሰልፍ ነበር። ሕዝቡ ከወትሮው በዝቷል፤ እኔ የመፈክሩን ጨርቅ ጫፍ ይዣለሁ። ባሌ ሕዝብ ሲያይ ይሞቀዋል፤ ያን ቀንም ሞቀው።

«ዛሬ እዚያ ግድግዳ ላይ አንድ የሲታር ሠሪ ልጅ ተሰቅሏል» አለ በማይክሮፎኑ። «ከኮሌጁ ፊት ለፊት ያለው መድኃኒት ቤት ባለቤት ልጅም ተሰቅላለች። ወንጀላቸው ምንድን ነው? መዋደዳቸው!»

ጨርቁን ለቅቄ አጨበጨብኩ። የተናገረውን የሰማሁት ካጨበጨብኩ በኋላ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ ምን እንዳደረገ ጠየቅኩት። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ ገብቶታል።

«ስም አልጠራሁም፣ ኩሱም።»

«ስም አልጠራህም። ቤቱን ነው ያሳየኸው።»

በማግስቱ ኬታኪ የለችም። ወንድሞቿ ወደ አጎቷ መንደር ወስደዋታል። መድኃኒት ቤቱ እንደ ወትሮው ተከፍቶ ታላቅ ወንድሟ የሳል ሽሮፕ ይሸጣል። ኬታኪ በአክስቷ ልጅ ስልክ ለሙኒር አንድ ጊዜ ደውላ «ለማን አወራህ?» አለችው፤ መልሱን ሳትሰማ ስልኩ ተዘጋ። ሙኒር ይህን ሲነግረን ዋማን አጠገቡ ተቀምጦ ጣቶቹን ያይ ነበር።

የጋብቻው ቀን ሙኒር ነጭ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ሁለት የአበባ ጉንጉን በፌስታል ይዞ ቢሮው በር ላይ ዋለ። ዋማንም አብሮት ዋለ። ሊነግረው ሄዶ ሳይነግረው ተመለሰ። ምግብ አቀረብኩለት፤ አልበላም። ንገረው ግን አላልኩትም። ሰው ሁሉ መምህር እያለ የሚያከብረው ባሌ ሲዋረድ ማየት ፈራሁ፤ በዚህ ፍርሃቴ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ሰልፉን የሚያዘጋጀው ኮሚቴ ጎረምሶች ግን ለወንድሞቿ ያወራውን ጥፋተኛ አገኘን አሉ፦ ማስታወቂያውን የሚለጥፈው ጸሐፊ ሳዋንት። እጁም አፉም የማይታመን ሰው ስለሆነ ሁሉም ተቀበለው። ንግግሩን እነሱም ሰምተዋል፤ ግን መምህራቸው ይሳሳታል ብሎ ማን ያስባል። ሳዋንትን ቢሮው ደጃፍ ላይ፣ ሰው እያየ፣ እኛ አገር ሰው የሚዋረድበትን የጫማ ጉንጉን አንገቱ ላይ ሊያጠልቁለት ወሰኑ። አሮጌ ጫማ ከየቤቱ ለቅመው በረንዳችን ላይ መስፋት ጀመሩ። መርፌውን የያዘው ሙኒር ነው።

ጉንጉኑ ሲያልቅ ለዋማን አመጣለት። «መምህር፣ አንገቱ ላይ የሚያደርጉለት እርስዎ ነዎት» አለው።

ዋማን አልተቀበለውም። «ሳዋንት አልተናገረም» አለ። «ወንድሞቿ የሰሙት ከእኔ ነው። የአንተን አባት ሥራ፣ የእሷን አባት ሱቅ፣ ሰልፉ ላይ እኔ ተናገርኩት።»

ባሌ አንገቱን ዝቅ አደረገ። ያጥልቅለት ብዬ ተመኘሁ፤ ቢያጠልቅለት ትንሽ ይቀለው ነበር። ሙኒር ግን ጉንጉኑን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«የእኔ ምስክር ነዎት አይደል?»

«ነኝ።»

«ኬታኪ ያወራሁት እኔ ነኝ ብላ ነው የምታስበው። የቀትሩ አውቶቡስ አለ። አጎቷ ቤት እንሂድና እሷ ፊት ይናገሩ። ያለ ማይክሮፎን።»

ሌሎቹ ወንድሞቿ እዚያ እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። ዋማን ተነሥቶ በረንዳው ላይ ጫማውን ፈለገ፤ አጣው። ጎረምሶቹ ሳያውቁ ከሌላው ጋር ሰፍተውታል።

መቀስ አምጥቼ ክሩን ቆረጥኩና ጫማውን ሰጠሁት።