ያልተቆረጠው ድምፅ

«ያንን ነገር ዛሬውኑ ከዚህ ቤት አውጣልኝ» አሉ አሮጊቷ፣ አጠገባቸው ለተቀመጠው ታናሽ ልጃቸው። ድምፃቸው በለቅሶ ሻክሯል። «ልጄን በላዩ ላይ ደፍቶ ያስቀረ ዕቃ ከግድግዳው ወዲያ ተጎልቶ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ሻይ አልጠጣም።»

ለለቀስተኛው ሻይ ታድል የነበረችው ጎረቤት ትሪዋን እንደያዘች ቆመች። ልጅየው ከፊት ለፊቱ የተቀመጠችውን የሟች ወንድሙን ሚስት አየት አደረገና መልሶ አንገቱን ደፋ።

«እሱ ይጫወትበት የነበረው ባንድ መሪም ጠይቆኛል» አለ ቀስ ብሎ። «ነገ መኪና ይዞ ይመጣል። እነሱ ይሠሩበታል፤ አንቺም ከዓይንሽ ቢርቅልሽ ይሻላል።»

«አይወጣም።»

«እህቴ፣ እማዬን…»

«የጀመረው ሥራ አላለቀም» አለች። «ሳያልቅ አይወጣም።»

በሩ ሥር ከተደረደሩት ሴቶች አንዷ ወደ ሌላዋ ጆሮ ዘንበል ብላ፣ «እንባ እንኳ አላወጣችም እኮ» አለች። ሚስትየው ሰምታታለች። እንዳልሰማ ሰው ሆነች።

ዕቃው ሳምፕለር ይባላል። ድምፅ ይቀዳል፤ የቀዳውን ይቆራርጣል፣ ይቀጥላል፣ ከኪቦርድ ጋር ሲያያዝም ቁራጮቹን በየቁልፉ ያሰማል። ባሏ ገና ጎረምሳ ሳለ የተሠራ፣ ግራጫ፣ ሻንጣ የሚያክል ነገር ነው። ሲጠፋ የያዘውን ሁሉ ይረሳል፤ ስለዚህ ድምፁን በፍሎፒ ዲስክ ማስቀመጥ ግድ ነበር። ዲስኮቹ ደግሞ አርጅተው አንድ በአንድ መበላሸት ጀምረዋል። ባሏ ያሰበው የሚሞሪ ካርድ ማንበቢያ ከውስጡ ገጥሞ፣ ዲስኮቹ ፈጽመው ሳይጠፉ ድምፁን ሁሉ ወደ ካርድ ለማሻገር ነበር። ክዳኑን ፈቶ፣ ካቻቪቴውን እንደጨበጠ፣ በላዩ ላይ ተደፍቶ ቀረ። ሐኪሙ ልብ ነው አለ። ገመዱ ከሶኬቱ ተነቅሎ እንደነበር እሷ ለመጣው ሁሉ ተናግራለች። እናትየው ግን ኮረንቲ ነው እንዳሉ ናቸው።

ሰውየው ተብታባ ነበር። ልጅ ሳለ፣ የሰፈር ልጆች «አንድ ቃል ጀምሮ እስኪጨርስ ኳሳችንን ተጫውተን እንመለሳለን» እያሉ ያሾፉበት ነበር። ካደገም በኋላ ስልክ አያነሳም፤ ሱቅ ሲገባ የሚፈልገውን በጣቱ ይጠቁማል። ባንድ ገብቶ ኪቦርድ መጫወት ሲጀምር ግን ሌላ ስም ወጣለት። «ምላጩ» አሉት። እሱ የቆረጠው ድምፅ መገጣጠሚያው አይታወቅም።

እሷ የባንዱን ልብስ የምትሰፋ ልብስ ሰፊ ነበረች። ልኩ የሆነውን ሱሪ ጠበበኝ፣ ልኩ የሆነውን እጅጌ ረዘመብኝ ለማለት በጣቱ እያሳየ ሲመላለስ ከረመ። አንድ ቀን ወደ መለማመጃ ክፍላቸው ወሰዳትና ወንበር ስቦላት አንድ ቁልፍ አሳያት። ተጫነችው።

«ሱሪው ልክ ነው» አለ ጥርት ያለ የወንድ ድምፅ ከስፒከሩ። «የምመላለሰው ላንቺ ብዬ ነው።»

ሳቀች። «ማነው ይሄ?»

በአውራ ጣቱ ደረቱን ነካ። የራሱ ድምፅ ነበር። መንተባተቡን እየለቀመ ቆርጦ ጥሎ፣ የተረፈውን አያይዞታል። ደግማ ተጫነችው። ከዚያ ወንበሯን ወደ እሱ አዙራ፣ «አሁን ራስህ በለው» አለችው። «እኔ አልቸኩልም።»

የመጀመሪያዋን ፊደል ለማለፍ ሲታገል ላብ አጠመቀው። አላቋረጠችውም፣ አላገዘችውም፣ ዓይኗንም አልሰበረችም። ሲጨርስ ያለቀሰው እሱ ነበር። ትዳራቸው በዚህ ላይ ቆመ፤ ቃሉን ከአፉ አትቀማውም። ሲጣሉ እንኳ እጇን አጣምራ ስድቡን እስኪጨርስላት ትጠብቀው ነበር።

ከሰዓት በኋላ የባሏ አብሮ አደግ የሆነው ራዲዮ ጠጋኝ መጣ። እናትየውን እጅ ነስቶ፣ ከሚስትየው ጎን ተቀመጠ።

«ልትጨርሰው ትችላለህ?» አለችው።

ምን ለማለት እንደፈለገች ገብቶታል። ሰዉን አየ። «አሁን? ሰው ተሰብስቦ?»

«ነገ ሊወስዱት ነው።»

ተነስቶ ተከተላት። የሥራ ክፍላቸውን መጋረጃ ለሁለት ከፍሎታል፤ ከወዲህ የእሷ ስፌት መኪና፣ ከወዲያ የባሏ ጠረጴዛ። ሳምፕለሩ ሆዱ እንደተከፈተ ነው። ጠጋኙ ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት ትንሽ አመነታ። ከዚያ ማንበቢያውን ባዶው ቦታ ላይ አስቀምጦ በብሎን አሰረው፤ ጠፍጣፋውን ገመድ ሰካ፤ መብራት ሰጠው። የዕቃው ትንሿ መስኮት አረንጓዴ በራች፤ ካርዱን ግን አላወቀችውም።

«ካርዱ በዝቶበታል» አለ። «ይሄ ሽማግሌ እንዲህ ያለ ሰፊ ቦታ አይቶ አያውቅም። ትንሽ እንፈልግለት።»

ሱቁ ሄዶ ከአንድ አሮጌ ካሜራ የወጣ ካርድ ይዞ ተመለሰ። ዕቃው እሱን ተቀበለ። ጠጋኙ ዲስኮቹን በተራ እያጎረሰው ያነበበውን ወደ ካርዱ ማሻገር ጀመረ። ከበሮ ተሻገረ። ጭብጨባ ተሻገረ። የሚቀጥለው ዲስክ ግን ጥርስ እንደማፋጨት ያለ ድምፅ አሰማና ቀረ። ከእሱ በኋላ ያለውም ቀረ። የማይነበቡት በጠረጴዛው ግራ እየተቆለሉ ሄዱ።

አንዱን ራሷ ከሳጥኑ መርጣ ሰጠችው። የሱሪው ነበር። አፋጨና ቆመ።

«ድገመው።»

አውጥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። «ሻግቷል፣ እህቴ። ብደግመው የዲስክ ማንበቢያውን ያበላሽብንና ሌሎቹንም እናጣለን።»

ተቀበለችውና ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

እናትየው መጋረጃውን ገልጠው የገቡት ያን ጊዜ ነው። የተከፈተውን ዕቃ አላዩትም፤ እሷን ነው ያዩት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለሰው የምትነግሪውን ሰምቻለሁ። ልጄ ሲሞት አልተጣራም?»

ለለቀስተኛው ሁሉ አልተጣራም ብላ ነበር።

«ተጣርቷል፣ እማማ።»

ጠጋኙ እጁን ከዕቃው ላይ አነሳ።

«‹ነ… ነ…› አለ። ከመጋረጃው ወዲህ እጅጌ እየገጠምኩ ነበር። የሚነግረኝ ነገር ያለ መሰለኝ። መኪናዬን አቁሜ ጠበቅኩት፤ እንደ ሁልጊዜው እስኪጨርስ ጠበቅኩት። ዝም ሲል፣ ትቶታል ብዬ መስፋቴን ቀጠልኩ።» ድምፅዋ እንደ ደረቀ ነው። «‹ነይ› ሊለኝ ነበር።»

አሮጊቷ የስፌት መኪናውን ጠርዝ ያዙ።

«እኔ ብሆን ገና ‹ነ› ሲል እገባ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ገና ‹ነ› ሲል።»

«አውቃለሁ፣ እማማ።»

ከሳሎን የሰው ማጉረምረምና የብርጭቆ ድምፅ ይሰማል። ጠጋኙ የሚገባበት ቢጠፋው ከሳጥኑ የመጣለትን ዲስክ አንስቶ አጎረሰ። ከላዩ በሟች የእጅ ጽሑፍ «እማ» የሚል ተለጥፎበታል። አንድም ጊዜ ሳያፋጭ ተነበበ። ቁልፉን ተጫነ።

«እ… እማ… እኔ፣ እ… እኔ… ው… ው… ው…»

ያልተቆረጠ ድምፅ ነበር። ሲንተባተብ፣ በመሃል ሲተነፍስ፣ ምራቁን ሲውጥ ሁሉ ይሰማል። «ው» ላይ እንዳለ ቀጥ አለ።

«የት ሄደ?» አሉ አሮጊቷ።

«ሲቀዳ ቦታ አልቆበታል፣ እማማ። ከዚህ ወዲያ የለም።»

«ምን ሊለኝ ነበር?»

ጠጋኙ ወደ ሚስትየው ዞረ። እሷም አላውቅም በሚል ራሷን ነቀነቀች። አላሰማትም ነበር፤ ቆርጦ አጽድቶ ለእናቱ ሊሰጥ የጀመረው ይሆናል። ምን ሊል እንደነበር የሚያውቅ የለም።

«ድገምልኝ።»

ደገመው። ልጁ አፉን መፍታት ከጀመረ ጀምሮ እናትየው የጀመረውን ቃል ከአፉ ወስደው ይጨርሱለት ነበር። አንዷን ፊደል ሰምተው የፈለገውን ያመጡለታል፤ ያልፈለገውን ቢያመጡለትም ተቀብሎ ዝም ይላል። ድምፁ «ው» ላይ ሲደርስ አሮጊቷ «ውሃ» ብለው ዞር አሉና ወጡ።

ከኩሽና ቧንቧ ሲከፈት ተሰማ። ኮሪደሩ ላይ ታናሽ ልጃቸው አንድ ነገር ጠየቃቸው፤ «መኪናው እንዳይመጣ ንገረው» አሉት። ከዚያ በብርጭቆ ሙሉ ውሃ ይዘው ተመለሱ። ዕቃው ፊት ሲደርሱ ቆሙ። ጢም ብሎ የሞላው ውሃ በጣታቸው ላይ እየፈሰሰ ወለሉን አረጠበው፤ ብርጭቆውን ግን አላስቀመጡትም።

ምራታቸው ተነሳች። በሁለት እጇ ተቀበለቻቸውና፣ ፊታቸው ቆማ፣ ሳታቋርጥ እስከ ሥሩ ጠጣችው።