ከታንኩ በር የወደቀው ካፖርት

ጠጪ ላገር ሲባል አረፋ የደፈቀ ቀዝቃዛ ቢራ ይታየዋል። የቢራ ፋብሪካ ሠራተኛ ለሆነው ለእሱ ግን ላገር የሥራ ቦታው ነው፤ ቢራው በትልልቅ የብረት ታንኮች ውስጥ ሳምንታት ተኝቶ የሚበስልበት፣ ብርዱ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ የታንክ ክፍል። አባቱ ደግሞ ቃሉ ቤት ውስጥ እንዲነሳ አይፈልጉም። በወጣትነታቸው ወራሪ ወታደሮች ያጎሯቸው በሽቦ የታጠረ ሰፈር በወራሪዎቹ ቋንቋ ላገር ይባል ነበር። «በሩን የሚዘጋብን ሰውዬ ክፉ እንዳይመስልህ፤ ሥራውን የሚሠራ ምስኪን ነበር» ይሉታል።

ታንክ ሊያጥብ የሚገባ ሰው ካፖርቱን የበሩ እጀታ ላይ ይሰቅላል። ካፖርት ካለ ውስጥ ሰው አለ፤ ከሌለ የለም። ሕጉ ይኸው ነው፤ ሌላ ጣጣ የለውም።

ያን ቀን ከመጥመቂያው ክፍል ላብ በላብ ሆኖ ሲወርድ ብርዱ ተቀበለው። አንድ ካፖርት ውሃ ያራሰው ወለል ላይ ወድቋል። «የየትኛው ዝርክርክ ነው ደግሞ!» ብሎ አነሳና ደረበው። ከፊቱ ያለው ታንክ በሩ ክፍት፣ እጀታው ባዶ ነው። ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። ታንኩን ለሚቀጥለው ቢራ ሊያዘጋጅ፣ አየሩን የሚያስወጣውን፣ ሰው የሚያፍነውን ጋዝም ለቀቀ። የማቀዝቀዣው ሞተር እያጓራ ስለሆነ ሌላ ድምፅ አይሰማም።

እጁን ሊያሞቅ ኪሱ ሲከት ለስላሳ ነገር ነካ። አወጣው። የሕፃን ካልሲ ነው።

ከአጣቢዎቹ መሃል አራስ ቤት ሰንብታ የተመለሰችው አንዲት ብቻ ናት፤ ታናሽ እህቱ።

እርጥቡ እጀታ እንደሚያዳልጥ እያወቀ፣ ካፖርት ሊወድቅ እንደሚችል እያወቀ! ጋዙን ዘግቶ መቀርቀሪያው ላይ ተጣበቀ። «እህት ዓለም! እህት ዓለም!» እያለ በሩን ደበደበ። ከውስጥ ምንም ድምፅ አልመጣም። በዕድሜው እንዲህ ፈርቶ አያውቅም። ልጇን ማን ያጠባል? ለአባቴስ ምን እላለሁ?

በሩ ተከፈተ። እግሯን አጥፋ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ደፉ ላይ ተደፍታ አገኛት። ብብቷ ሥር ይዞ ጎትቶ አወጣት። ጉንጯን መታ መታ አደረገ። ከዚያ አሳለች፤ ደግማ አሳለች።

ዓይኗን ስትገልጥ ፊቱን ሳይሆን የለበሰውን ካፖርት አየች።

«ደበደብኩ እኮ፣ ወንድም ጋሼ» አለች። «አልሰማኸኝም?»

ከእህቱ ጋር ቤት ሲገቡ አባቱ ቀና ብለው አዩት። «ምነው ልጄ፣ ፊትህ አመድ መሰለ? ምን ስትሠራ ዋልክ?»

«ሥራዬን» ሊል አፉን ከፈተ። የአባቱን ዓይን ሲያይ ያ በር የሚዘጋው ሰውዬ ትዝ አለውና መልሶ ዘጋው።