ጥሩ አሳ የሚበላበት ቤት

እስከዳር ከዐረብ አገር የተመለሰች ሰሞን ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ እንኳን ደስ አለሽ ሲላት፣ እናቷ የብርጓል እንኳን አብሮ ደስ አለን ትል ነበር እንጂ ደስታው ከጉሮሮዋ በታች አልወረደላትም። ልጂቱ ከደብረ ማርቆስ ስትሄድ ፊቷ ሙሉ፣ ክንዷ ሙሉ ነበረች። ስትመለስ ነጠላ ከትከሻዋ የሚንሸራተት፣ ስትቀመጥ ወንበሩ የማይሰማት ሆና መጣች። ይኸም ባልከፋ ነበር። ክሳትን እህል ይመልሰዋል። እሷ ግን እህል አልቀምስ አለች።

ሽሮው ሲቀርብላት በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ ትተወዋለች። የሱፍ ፍትፍቱንም እንዲሁ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ስለሆነ ይሆናል ብላ የብርጓል የነፍስ አባታቸውን መምሬ ገብረ ሚካኤልን ጠራች። እሳቸውም እንደ እንጨት የደረቀውን የልጂቱን እጅ ይዘው ጥቂት ከቆዩ በኋላ፣ የታመመ ጾም የለበትም፣ ያማራትን ትብላ ብለው ፈቀዱ። የብርጓል እንቁላል ጠበሰች፣ ወተት አፈላች። እንቁላሉ እንደቀረበ ቀዘቀዘ፤ ወተቱም ስልባቦት ሠርቶ አደረ። ሐኪም ዘንድም ወሰደቻት። ሐኪሙ ደም አንሷታል እንጂ ሌላ በሽታ የለባትም፣ መብላት አለባት ብሎ ክኒን ሰጥቶ ሰደዳት። መብላት እንዳለባትማ የብርጓልም ታውቅ ነበር።

ስለዚያ አገር ስትጠየቅ እስከዳር ደህና ነው ከማለት በቀር አትናገርም። እናቷም አጥብቃ አትጠይቃትም። መልሱን መስማት ትፈራለች።

ደግሞ ሌላ የምትፈራው ነገር ነበራት። ልጂቱ ስልክ መደወል ያቆመች ጊዜ፣ ሞታለች እየተባለም ሲወራ፣ የብርጓል መርጡለ ማርያም ድረስ ሄዳ ከደጁ ተደፍታ ተስላለች። ልጄን በሕይወት ካሳየሽኝ በዐቢይ ጾም ሥጋም ይሁን ወተት፣ እንቁላልም ይሁን አሳ እስክሞት ከአፌ አይገባም አለች። እስከዚህ ድረስ የእናት ወግ ነው። ነገር ግን ልመናዋ ያነሰባት መሰላትና፣ ያንን ብቀምስ የሰጠሽኝን መልሰሽ ውሰጂ ብላ ጨመረችበት። ይቺን ቃል ማን እንዳናገራት እስከ ዛሬ አታውቅም። ልጂቱ በመጣች ጊዜ ስለቱ ሰመረ ብላ ለሁሉም ስትናገር፣ ይቺን የመጨረሻዋን ለነፍስ አባቷም አልነገረችም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እስከዳር ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳደረገች፣ አሳ ቢሆን እበላ ነበር አለች። እዚያ የነበረችበት ከተማ ባሕር ዳር ላይ ነው፤ ለሰዎቹ ሁልጊዜ አሳ የምትሠራው እሷ ነበረች። ልጂቱ ከመጣች ጀምሮ አማረኝ ያለችው ይኸን ብቻ ነው።

ችግሩ የብርጓል አሳ ሠርታ አታውቅም። የተወለደችው ከይጁቤ ወዲያ ከደጋው ላይ ነው፤ እዚያ ውኃ ቢኖር ከብት የሚጠጣው ነው። ከገበያ ዳር አንዱ በፌስታል ይዞ ሲያዞር ያገኘችውን ገዝታ መጣችና፣ የምታውቀው የዶሮውን ነውና እንደ ዶሮ ያዘችው። በጨው አሸችው፣ በሎሚ አሸችው፣ ውኃው እስኪጠራ ድረስ ደጋግማ አጠበችው። ሴት ባለሙያ የምትባለው የዶሮ እጥበቷ ታይቶ አይደል? ዶሮ እንዲህ ሲታሽ ይጠነክራል። አሳው ግን በእጇ ላይ ሟሟ። ከድስቱ የወጣው እሾህና ጭቃ የመሰለ ነገር ነበር፤ ሽታው ደግሞ ቤቱን አልፎ ግቢውን ሞላው። እስከዳር ብርድ ልብሱን ወደ ፊቷ ሳበች። አከራይቷም ብቅ ብላ፣ በጾሙ ምን ነው እሱ ብትል፣ የብርጓል ለበሽተኛ ነው ብላ በሩን ገርበብ አደረገችው።

እንግዲህ የሚያውቀው ሰው የሠራውን መፈለግ ነው። ግን ማንን ትጠይቅ? ነጠላዋን ያጣፋች፣ ከቅዳሴ የማትቀር ሴት በዐቢይ ጾም መንገድ ላይ ቆማ ጥሩ አሳ የሚበላበት ቤት የት ነው ብትል፣ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል። ደግነቱ ከመስከረም ወዲህ ከጎልማሶች ትምህርት ገብታ ፊደል ለይታለች። ስለዚህ ማንንም ሳትጠይቅ፣ ከመናኸሪያው ጀምራ ታፔላ ታፔላውን ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ማንበብ ያዘች። ጸጉር ቤት። የሕንፃ መሣሪያ። ምግብና መጠጥ። ባጃጆቹ ጥሩምባ እየነፉባት ታልፋለች፤ እሷ አንዱን ሳትጨርስ ወደ ሌላው አትሄድም።

መጀመሪያ ባገኘችው ቤት አሳውን ከማቀዝቀዣ አውጥተው አሳዩአት። ዛሬ የገባ ነው አሉ። በአውራ ጣቷ ጫን ብትለው ጉድጓዱ እንደተጎደጎደ ቀረ። ሥጋ ደግሞ ሥጋ ነው፤ እንዲህ ያለውን የብርጓል ታውቀዋለች። አመስግና ወጣች።

ሁለተኛው ቤት ወደ ዩኒቨርሲቲው መሄጃ ላይ ነው። ባለቤቲቱ ወለላ የምትባል የባሕር ዳር ሴት ናት፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ሽርጧ ላይ ቅርፊት የተለጠፈባት። ከውስጥ ከሌላ አገር የመጡ መምህራንና የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ይበላሉ። የብርጓል ገና ከደጃፉ፣ ሳትጠየቅ፣ ለበሽተኛ ነው አለች።

ወለላ ሳቀች። "እታለም፣ በጾም እዚህ የሚገባ የማርቆስ ሰው ሁሉ ለበሽተኛ ነው የሚለው። ከተማው እኮ በሽተኛ ብቻ ሆነ።"

የብርጓል ግን አልሳቀችም፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ወለላም ይኸን ስታይ ሳቋን ዋጠች፤ ወንበር ስባ አስቀመጠቻትና ነገሩን ሁሉ አስነገረቻት፣ የስለቷ ነገር ብቻ ሲቀር። ሲያልቅ፣ ያላትን አሳ እንደማትሸጥላት ነገረቻት። አሳው ከጣና በበረዶ ሆኖ በሚኒባስ ነው የሚመጣው፤ መንገዱ ከተዘጋ ሰንብቷል፤ አሁን ያለው የቆየ ነው፣ በሚጥሚጣ ተሸፋፍኖ ለጤነኛ ይሆናል እንጂ ለተራበ አንጀት አይሆንም። መንገድ ተከፍቶ መኪናው የመጣ ቀን ትደውልላታለች። የብርጓል እንግዲያው ቋጥረሽልኝ ወደ ቤት እወስደዋለሁ አለች።

"አይሆንም። እሷን ይዘሻት ነይ። አሳ ከምጣዱ እንደወጣ ነው የሚበላው። አንዴ ሞቷል፤ ባጃጅ ላይ ሁለተኛ አትግደይው።"

ከዚያ በኋላ የብርጓል ሥራዋ ስልኩን ማየት ሆነ። እስከዳር ውኃና ሻይ ብቻ እየጠጣች ትውላለች። መንገዱ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይከፈታል ይባላል። አንዳንድ ቀን ልጂቱ ዓይኗን ስትጨፍን እናቷ ትንፋሿን ለማየት ጎንበስ ትላለች። ስትነቃና ይኸን ስታይ እስከዳር፣ አለሁ እማዬ፣ ትላታለች።

ሆሳዕና ሲቃረብ ወለላ ደወለች። እስከዳር ስትሰማ ሳትደገፍ ተነሣች፤ ፊቷን ታጠበች፤ ጸጉሯንም ራሷ ጎነጎነች። ባጃጁ ውስጥ ሆና ከተማውን ታያለች፣ ይኸ ሕንፃ መቼ ተሠራ ብላም ጠየቀች። የብርጓል የልጇን ድምፅ እንደገና ለመስማት፣ የቱ ብላ መልሳ ጠየቀቻት።

ወለላ ከውስጠኛው ክፍል፣ ከማዕዘን ላይ አስቀመጠቻቸው። በሌላው ጠረጴዛ ወጣት መምህራን እየተሳሳቁ ይበላሉ፤ አንደኛው ሲያጎርሰው ጓደኛው እሾህ ልታስውጠኝ ነው እያለ ይሸሻል። የብርጓል ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ስባ ፊቷን ከበሩ መለሰች። አሳው መጣ። ሙሉ አሳ ነው፤ ጎንና ጎኑ ተተልትሎ፣ እንደ ወርቅ ቀልቶ፣ ገና ይንጣጣል። ሎሚና ዳጣ ከጎኑ ተቀምጧል፤ እንጀራውም ለሁለት ሰው ነው።

እስከዳር ሽታውን ሳበችው። እናቷ ከጠረጴዛው ራቅ ብላ እጆቿን በነጠላዋ ውስጥ አድርጋ ስትቀመጥ አየች።

"አንቺ አትበዪም?"

"ጾም ነው ልጄ። አንቺ ብይ። እኔ አይሻለሁ።"

እስከዳር እጇን ወደ ሰሃኑ ሰደደችና መለሰችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንደ ተራ ነገር፣ ከመጣች ጀምሮ ያልተናገረችውን ተናገረች። እዚያ ቤት አብስላ፣ አቅርባ፣ እነሱ በልተው እስኪነሡ ትቆማለች። ከዚያ የተረፈውን በአንዲት ሰሃን ይዛ ማድ ቤት ትገባለች። ከሰው ጋር አንድ ቀን አልበላችም። ግድግዳው ላይ የነበረውን ስንጥቅ ዓይኗን ጨፍና ልትሥለው ትችላለች። መጀመሪያ ታለቅስ ነበር፤ ኋላ ሲለመዳት እህሉ እንደ አፈር ሆነባት።

"ከመጣሁ ወዲህ አንቺ ጾምሽን እስክትፈቺ ትቆያለሽ፣ ለኔ ለብቻዬ ታቀርቢልኛለሽ፤ ቆመሽ ታዪኛለሽ። እኔ ያማረኝ አሳው አይደለም እማዬ። አሳ ቢሆን አብረን እንበላዋለን ብዬ ነው። የከተማ ሰው በጾም ይበላዋል ሲሉ ስለሰማሁ ነው።"

ይህን ብላ ከአሳው ጎን ነጩን ቆርሳ፣ እሾሁን በጣቷ ለቅማ አወጣች፣ በእንጀራው ጠቀለለችና ወደ እናቷ አፍ ዘረጋችው።

"አንድ ጉርሻ ብቻ።"

የብርጓል ጉርሻውን አየች። ልጇ ከመጣች ወዲህ እንዲህ ቀረብ ብላ አላየቻትም፤ የእጇ አጥንት ከቆዳዋ ሥር ይቆጠራል። አፏን ልትከፍት ፈለገች። ያን ጊዜ፣ ብቀምስ የሰጠሽኝን መልሰሽ ውሰጂ ያለችው የራሷ ድምፅ፣ ከደጁ ተደፍታ እንዳለችው ሆኖ ተሰማት። ብትጎርስ ልጇን ትሰጣለች። ባትጎርስ ልጇ አትበላም። ምክንያቱን ልንገራት ብትል ደግሞ፣ ለዚች ለደከመች ልጅ፣ ሕይወትሽን አስይዤ ነበር እንዴት ተብሎ ይነገራል? ነጠላዋ ውስጥ እጆቿ እርስ በርስ ተያያዙ። ዓይኗ ወደ በሩ ሄደ።

ይኸን ያህል ብቻ ነው የቆየችው። ከእስከዳር ጣት ዘይት ወረደና ወደ አንጓዋ ተንጠባጠበ። የተዘረጋው እጅ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ተመለሰ።

"እሺ" አለች እስከዳር። "ጾምሽን ጠብቂ።"

በድምፅዋ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢኖር የብርጓል እሱን ይዛ ትለምናት ነበር። እስከዳር ጉርሻውን ራሷ ጎረሰችው። ሰሃኑን ወደ ራሷ ሳበች፤ ወንበሯን ዞር አድርጋ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰችና መብላት ጀመረች። ቶሎ ቶሎ፣ አንገቷን ደፍታ፣ አንድ ሰው እንዳይጠራት እንደምትፈራ ሁሉ። አንዱን ጎን ጨረሰች፣ ገለበጠችው፣ ሌላውንም ጨረሰች። ዳጣውን በእንጀራው ጠረገችው።

የብርጓል የልጇን ጀርባ ታያለች። ስትለምነው የኖረችው ይኸው ነው፤ በልታለች። "እስኩ" ብላ ልትጠራት፣ እጇንም ልትዘረጋ ከወንበሯ ብድግ አለች። ሰሃኑ ላይ ግን እሾህ ብቻ ነበር።

እስከዳር እሾሁን ሰበሰበች። የተንጠባጠበውን በእጇ ዳር ጠርጋ ወደ ሰሃኑ ጨመረች። ከዚያ ተነሥታ ሰሃኑን ይዛ ወደ ማድ ቤቱ ሄደች። ወለላ ከምጣዷ ቀና ብላ፣ ተዪው እኛ እናነሣዋለን ብትላትም፣ እሷ የውኃውን ቦታ አግኝታ ማጠብ ጀምራ ነበር። የራሷን ሰሃን አጠበች፤ ከአጠገቡ ተከምሮ ያገኘችውንም የሌላ ሰው ሰሃን ታጥብ ጀመር። ወለላ ወደ የብርጓል ዞራ ዓይኗን ብታቀና፣ የብርጓል መሬት መሬት አየች።

በመመለሻው ባጃጅ ውስጥ እስከዳር ጥሩ አሳ ነው አለች። ፊቷ ላይ ትንሽ ደም ወጥቶበታል።

ቀጥሎ መኪናው በመጣ ቀን፣ ገና ጾሙ ሳይፈታ፣ ወለላ ደወለች። ያን ዕለት የብርጓል ከማለዳ ጀምሮ ከራሷ ጋር ስትሟገት ነበር። ወደ መምሬ ገብረ ሚካኤል ሄጄ ቃሌን ልንገራቸው፣ ያስሩኝ ወይም ይፍቱኝ ብላ ተነሥታ፣ ከደጃቸው ስትደርስ ፈርታ ተመልሳለች። አሁን ስልኩ ሲጮኽ፣ ነጠላዋን አንሥታ፣ ዛሬ አብሬሽ እቀምሳለሁ ለማለት አፏን እያሟሸች ወደ ልጇ ዞረች።

እስከዳር ጫማዋን አድርጋ ከበሩ ላይ ነበረች።

"አንቺ አትልፊ እማዬ። መንገዱን አውቄዋለሁ" አለች። "ብቻዬን ይሻለኛል።"

የብርጓል እሺ አለች።