እብጠቱ ሲጎድል

ፅዮናዊት ሥራዋን የምትጀምረው ከታመመው እግር አልነበረም፤ ከአንገት ነበር። ጣቶቿን ከአንገት አጥንቱ በላይ ባሉት ስርጉዶች ላይ አሳርፋ ቆዳውን ብቻ ሳብ ታደርግና ትለቃለች፤ ሳብ ታደርግና ትለቃለች። ዘይት የለ፣ ቅባት የለ፣ ጉልበት የለ። ከዚያ ወደ ብሽሽት፣ ከብሽሽት ወደ ጉልበት እጥፋት ትወርዳለች። ያበጠው ቁርጭምጭሚት ጋ የምትደርሰው ሩብ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ያስተማረቻት ፈረንሳዊት «መጀመሪያ ከላይ መውጫውን ክፈቺለት፤ አለበለዚያ እታች የታቆረው ውሃ መሄጃ የለውም» ትላት ነበር።

ጠረጴዛው ላይ በጀርባዋ የተኛችው ትሁን ዓይኗን ጨፍናለች። ሃያ ዓመቷ ነው። የመጀመሪያ ቀን እዚህ ስትተኛ ጥርሷን ነክሳ፣ የጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣ ነበር። ቆቦ የምታውቀው ወጌሻ ቅቤ ቀብቶ፣ ጉልበቱን ደረቷ ላይ ተክሎ፣ እስክትጮህ የሚያሽ ሰው ነበር። ፅዮናዊት ግማሽ ሰዓት ከሠራች በኋላ «አልጀመሩም እንዴ እትዬ?» ብላ የጠየቀችው ለዚህ ነው። ፅዮናዊት በዚያን ቀን ከልቧ ስቃለች።

ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀን ሆነ። ወለም ብሎት አብጦ ጫማ አልገባ ያለው ግራ እግር ሟሽሾ፣ የቁርጭምጭሚቱ አጥንት በሁለቱም ወገን ወጥቶ፣ ጅማቶቹ ተለይተው ይታያሉ።

«የሌላ ሰው እግር የገጠሙልኝ ይመስለኛል» አለች ትሁን ዓይኗን ሳትገልጥ።

የፅዮናዊት እጅ ከቁርጭምጭሚቱ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ የአገዳው አጥንት ፊት ለፊት ላይ ደርሷል። እዚያ፣ ከባቄላ ፍሬ የማትበልጥ ቦታ አለች። አውራ ጣቷ በዚያች ላይ እንደ ላባ ሲያልፍ የትሁን የእግር ጣቶች ጭብጥ አሉ።

«አመመሽ?»

«ኧረ ምንም» አለች ትሁን፤ ከንፈሯ ግን አመድ መስሏል።

ያችን ቦታ ያገኘቻት ከሦስት ቀን በፊት ነው። እብጠቱ እያለ የማይዳሰስ ነገር ነበር፤ ሲጎድል ሸፍኖት የነበረውን ገለጠው። ፅዮናዊት ምን እንደሆነ ታውቃለች። ከዓመታት በፊት ፈረንሳዊቷ የአንድ ወታደር እግር ላይ ጣቷን ይዛ በዚያው ቦታ አሳርፋላት «ይህ ውሃ አይደለም፤ አጥንት ነው። እዚህ ስትደርሺ እጅሽን አንሺና ሰውዬውን ወደ ራጅ ስደጂው» ብላታለች። ወታደሩ ሦስት ወር አርፎ ድኖ ተመልሷል።

ስለዚህ በዚያው ቀን ለረምዚ ነግራዋለች። ረምዚ ጅቡቲ ከተማ፣ ቡላኦስ ሰፈር ውስጥ የስፖርት ማዘውተሪያ ቤትና ትንሽ የሯጮች ክለብ ያለው ሰው ነው። አባቱ የመናዊ፣ እናቱ ድሬዳዋ ያደገች ናት፤ አማርኛውን ከእሷ ነው የወረሰው። ትሁንን ያገኛት እሱ ነበር። የመን ለመሻገር ጅቡቲ ገብታ፣ ጀልባ እስኪገኝ ካርቲየ ከሚባሉት ሰፈሮች በአንዱ ሰው ቤት ልብስ እያጠበች፣ ጎሕ ሲቀድ በባሕሩ ዳር መንገድ ብቻዋን ስትሮጥ አያት። መኪናውን አቁሞ ሰዓቱን ተመለከተ፤ በማግስቱም መጥቶ ተመለከተ።

ፅዮናዊት ስለ አጥንቱ ስትነግረው ከወንበሩ አልተነሳም።

«እብጠቱ ይጠፋል ወይስ አይጠፋም?» አለ።

«እብጠቱ ይጠፋል። አጥንቱ ግን ተሰንጥቋል ነው የምልህ። ከሮጠችበት ይሰበራል።»

«አንቺ ሐኪም ነሽ?»

ፅዮናዊት መዳፎቿን ቁልቁል አየች።

«አይደለሽም። አንድ ሳምንት ሙሉ እጅሽን ያመንኩት እብጠት ስለምታወርጂ ነው። ልጅቱ ሐሙስ ሊያዩአት በሚመጡት ሰዎች ፊት ካልሮጠች ዓርብ ኦቦክ ወደብ ናት። ጀልባ ላይ ትወጣለች። እግሯን አተርፋለሁ ብለሽ ባሕር ልትከቻት ነው?» ከዚያ መሳቢያውን ስቦ፣ ከባሕረ ሰላጤው ዓረብ አገር የሯጮች ቡድን የመጣውን የቅጥር ደብዳቤ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ሁለት ስም ነው ያለው። አንዱ ሲሰረዝ ሌላውም ይሰረዛል።»

ደብዳቤው ላይ ከትሁን ስም በታች የእሷ ስም በፈረንሳይኛ ተጽፎ ነበር፤ ከጎኑም «ቴራፒስት» ይላል። ፅዮናዊት አርባ ስምንት ዓመቷ ነው። አያቷ ከባቡሩ ጋር መጥተው ካርቲየ ሁለት ከሰፈሩ ጀምሮ የቤተሰቡ ሰው ሁሉ ሲያገለግል ኖሯል፤ እሷም የፈረንሳዊቷን ክሊኒክ ወለል አሥራ አንድ ዓመት ጠርጋለች። ፈረንሳዊቷ እጆቿን አይታ ሙያውን አስተማረቻት። ሴትዮዋ ወደ አገሯ ስትመለስ ግን አዲሱ ኃላፊ ዲፕሎማ ጠየቃትና ስታጣ መጥረጊያውን መልሶ ሰጣት። ረምዚ ነው ከዚያ አውጥቶ ይህችን ክፍል የሰጣት፤ በሩ ላይ ስሟን የጻፈላት። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብባ መለሰችለት። ከዚያ በኋላ ስለ አጥንቱ አላነሳችም።

ሐሙስ ደረሰ። ይኸው ዛሬ ነው።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ከባሕረ ሰላጤው የመጡት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ አሠልጣኝና ሜትር የያዘ ወጣት የጤና መርማሪ። መርማሪው የትሁንን ሁለት እግሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ በሜትሩ ለካቸው፤ ከቁርጭምጭሚቱ በታች፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ፣ ከሱ ከፍ ብሎ። ቁጥሩን በእንግሊዝኛ ጮክ ብሎ ይናገራል። ሁለቱም እግሮች እኩል ነበሩ። እግሯን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን አዟዟረው። ከዚያ አውራ ጣቱን በአገዳው ላይ እየተጫነ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ፅዮናዊት ግድግዳውን ተደግፋ ጣቱን ትከተላለች። ሁለት ጣት ቀረው፤ አንድ ጣት ቀረው። ስልኩ ጮኸ። መርማሪው እጁን አንስቶ ስልኩን አየና ዘጋው፤ ሲመለስ ያችን ቦታ ዘልሎ ከጉልበት ቀጠለ።

«ከሁለት ሳምንት በፊት የተላከልን ፎቶ ላይ ይህ እግር እንደ ፊኛ ነበር። ማን ነው የሠራው?» አለ አሠልጣኙ በዓረብኛ።

ረምዚ በአገጩ ወደ ፅዮናዊት አመለከተ። አሠልጣኙ ራሱን በአክብሮት ዝቅ አደረገላት። ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

ሰዎቹ ወደ ሆቴላቸው ሄዱ። ሩጫው ፀሐይዋ ከበረደች በኋላ፣ በአሥር ሰዓት ነው። ከቀትር ጀምሮ ጫት የጫኑት መኪኖች ጥሩምባቸውን እየነፉ በጎዳናው አልፈው ከተማው ዝም ሲል፣ ሁለቱ ሴቶች በዝግ መስኮት ክፍሏ ውስጥ ቆዩ። ትሁን ውሃ ጠጣች፤ ጸጉሯን ፈታ እንደገና ጎነጎነች። አብረዋት ከቆቦ ከወጡት ሁለት ልጆች አንዷ፣ ሔርሜላ፣ ባሕሩን ተሻግራ ከየመን የድምፅ መልእክት ልካላት እንደነበር፣ ከዚያ ወዲህ ግን አራት ወር ሙሉ ስልኳ እንደማይሠራ ነገረቻት። ስትነግራት አላለቀሰችም። የገበያ ወሬ ታወራ ይመስል ነበር።

«እትዬ» አለች በመጨረሻ፣ ጫማዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ። «እርስዎ በእጅዎ ያዩታል። ሜትር የያዘው ልጅ ምንም አያውቅም። እርስዎ ካሉኝ ነው የምሮጠው።»

ፅዮናዊት የልጅቱን ፊት አየች። ራጅ ቤቱ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነበር። ተነስቶ መሄድ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። አፏን ስትከፍት ምን እንደምትል በእውነት አታውቅም ነበር፤ ይህን በኋላ ለራሷ ደጋግማ ተናግራለች።

«ድኗል። ትሮጫለሽ» አለች።

ትሁን ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ሳመቻት።

ሜዳው ላይ ከአሥር የማይበልጡ ሰዎች ነበሩ። ሦስት ሺህ ሜትር፤ ሰባት ዙርና ግማሽ። ከትሁን ጋር ሦስት የረምዚ ክለብ ወንዶች ልጆች እንዲሮጡ ተደርጓል። በሁለተኛው ዙር አንዱ ተረፈ፤ በአራተኛው ዙር እሱም ጎኑን ይዞ ቆመ። ትሁን ብቻዋን ሮጠች። አሯሯጧ የሚያሳሳ ነበር፤ ትከሻዋ አይነቃነቅም፣ እግሯ መሬቱን ነክቶ የሚመለስ እንጂ የሚረግጥ አይመስልም። አሠልጣኙ በእያንዳንዱ ዙር ሰዓቱን ለመርማሪው ያሳየዋል። ረምዚ እጁን አፉ ላይ አድርጓል። ፅዮናዊት ልጅቱ በፊቷ ባለፈች ቁጥር ግራ እግሯን ብቻ ታያለች፤ በአምስተኛው ዙር እግሩ ሲያርፍ ትንሽ ወደ ውጭ ሲሸሽ አየች። ትሁንም ተሰምቷት መሆን አለበት፤ ቀና ብላ ፅዮናዊትን ፈለገቻት።

ፅዮናዊት እጇን አንስታ በርቺ አለቻት።

በስድስተኛው ዙር፣ ከመታጠፊያው ስትወጣ፣ ተሰበረ። ፅዮናዊት ድምፅ አልሰማችም። ያየችው ጫማው ሊዞር በማይገባው በኩል ሲዞር፣ ልጅቱም ሁለት እርምጃ በዚያው ስብራት ላይ ስትረግጥ ነው፤ መቆም እንዳለባት ገና አላወቀችም ነበር። ከዚያ ወደቀች። ጩኸቱ የመጣው ዘግይቶ ነው።

አሠልጣኙ ሰዓቱን አቆመ። ቁጥሩን ለአፍታ አየና በዓረብኛ «ያሳዝናል። ሪከርድ ነበር የሚሆነው» አለ። ሰዓቱን ወደ ኪሱ ከተተ።

የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ረምዚ ፅዮናዊት አጠገብ መጥቶ ግድግዳውን ተደገፈ። ላቡ ሸሚዙን አጣብቆበታል።

«አናገርኳቸው» አለ ቀስ ብሎ። «በእሷ ያው አለቀ። አንቺን ግን ይፈልጉሻል፤ ብቻሽንም ቢሆን። እንዲህ ዓይነት እጅ የላቸውም አሉ።»

ፅዮናዊት ከሐዘኗ በፊት ደስ አላት። አንድ ትንፋሽ ያህል ብቻ ነው፤ ግን ደስታ ነበር፣ ቦታውን ከደረቷ ውስጥ ለይታ ማሳየት ትችላለች። ረምዚ መልሷን ሳይጠብቅ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ወጣ።

ነርሷ በሩን ከፍታ በፈረንሳይኛ የሚያስተረጉም ሰው ጠየቀች። ሌላ ሰው አልነበረም። ፅዮናዊት ገባች። ሐኪሙ ሽበት የጀመረው ጅቡቲያዊ ነበር፤ የራጁን ፊልም ወደ ብርሃኑ ይዞ ቆሟል።

«እናቷ ነሽ?»

«አክስቷ ነኝ» አለች። ቃሉ በራሱ ነው የወጣው።

«ይህ የዛሬ ስብራት ብቻ አይደለም። እዚህ ጋ ተመልከች፤ ሳምንታት የቆየ ስንጥቅ ነው። በዚህ ላይ እንዴት ልትሮጥ ቻለች? ቁርጭምጭሚቷ ተጎድቶ እንደነበረ ይታያል፤ በደንብ ተይዟል፤ የያዘው ሰው እጁን የሚያውቅ ሰው ነው። ይህን ሳይዳስስ አያልፍም። ማን እንደነበረ ጠይቂያት።»

ትሁን ማስታገሻው ይዟት፣ ፊቷ እንደ ሰም ሆኖ ጣሪያውን ታያለች። ፅዮናዊት አልጋው አጠገብ ሄዳ ቆመች። ጥያቄውን ልትለውጠው ትችል ነበር፤ ጉልበት አጣችና እንዳለ ተረጎመችው።

«ማን ነበር እግርሽን የሚይዝልሽ ይልሻል። ስንጥቁን ሳያውቅ አይቀርም ይልሻል።»

ትሁን ፊቷን ወደ እሷ አዞረች። ቃላቱን አንድ በአንድ፣ አፏ እየደረቀ ተናገረች።

«እርስዎን እንዳይነካዎት። እኔ ነኝ ያጠፋሁት በሉት። ሲነኩኝ ነፍሴ ትወጣ ነበር፤ ከነገርኩዎት አያስሮጡኝም ብዬ ዋሸሁ። እርስዎማ እየደጋገሙ አመመሽ ወይ አሉኝ።» እጇን ከአንሶላው ሥር አውጥታ የፅዮናዊትን እጅ ያዘች። «ስምዎን አጠፋሁብዎት እትዬ። ይቅር ይበሉኝ።»

የልጅቱ ጣቶች ቀዝቃዛ ነበሩ። ፅዮናዊት ልታስለቅቃቸው ሞከረች፤ ትሁን ግን ይቅርታውን ሳታገኝ የምትለቅ አልመሰለችም።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አለች ፅዮናዊት።

ትሁን ዓይኗን ጨፈነች፤ እንባዋ በጆሮዋ በኩል ወርዶ ትራሱ ገባ።

«ምን አለች?» አለ ሐኪሙ። ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አድርጎ ይጠብቃል።

«ይቅርታ ጠየቀች» አለች ፅዮናዊት በፈረንሳይኛ።

ሐኪሙ ቀና አለ። ከአልጋው ወደ ፅዮናዊት፣ ከፅዮናዊት ወደ ተያያዙት እጆች አየ።

«ማንን?»

ትሁን ድምፁን ሰምታ ዓይኗን ገለጠች። ፈረንሳይኛ አታውቅም፤ ግን ጥያቄ መሆኑ ገብቷት፣ መልሱን ለማየት ይመስል የፅዮናዊትን ከንፈር ትመለከት ጀመር።